ግልገል ፍየል ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታሳድጉ፦ ጠዋት ጠዋት በጠጡን እዩ

መጀመሪያ የገዛኋቸው ሁለት ግልገሎች ቤቴ የገቡት በባጃጅ ነው። አንዷ ጭኔ ላይ፣ ሌላው ማዳበሪያ ውስጥ ሆኖ አንገቱን ብቻ አውጥቶ። ጎንደር ውስጥ ከቅዳሜ ገበያ እስከ አዘዞ ድረስ ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ «ከሸኑ አንተ ነህ የምታጥበው» ሲለኝ ነበር። ሸኑ፣ አጠብኩ። በሳምንቱ ሁለቱም ሞቱ።

በረሃብ የሞቱ እንዳይመስላችሁ። አብልቼ ነው የገደልኳቸው። ስንዴ በተንኩላቸው፣ የተረፈ እንጀራ ፈተፈትኩላቸው፣ የላም ወተት ከፍሪጅ አውጥቼ ቀዝቃዛውን እንዳለ ሰጠኋቸው፣ ሲጮሁ ደግሞ የራባቸው መስሎኝ ጨመርኩ። ከጎኔ ያሉት ጎረቤት፣ እማማ የምላቸው፣ በለሳ ተወልደው ከፍየል ጋር ያደጉ ናቸው። መጡና የሞተውን ግልገል ዘወር ብለው እንኳ አላዩትም። ጎንበስ ብለው መሬቱን አዩና «አንተ ልጅ፣ በጠጡን ሳታይ ነው እንዴ የምታበላው?» አሉኝ። መሬቱ ላይ በጠጥ የሚባል ነገር አልነበረም። እንደ ሊጥ የላላ አረንጓዴ ነገር ነው የነበረው። ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ እንደዚያው ነበር፤ እኔ ጠርጌ እጥለዋለሁ እንጂ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስነሳ፣ ቡና ከመቅመሴ በፊት፣ መጀመሪያ የማየው በጠጥ ነው። ድብልብል ያለ፣ ደረቅ፣ እርስ በርሱ ያልተጣበቀ ከሆነ ትናንት ያበላችሁት ተስማምቷል ማለት ነው፤ ዛሬም ያንኑ ስጡ። ከተጣበቀና ከላላ ፉርሽካውን አቁሙና ቀኑን በድርቆሽና በውሃ ብቻ አውሏቸው፤ ገና የሚጠባ ከሆነ ግን ወተቱን አታቋርጡ። ውሃ ከሆነ ወይም ደም ካያችሁበት ነገ ይሻለዋል ብላችሁ አትደሩ፣ ሐኪም ጥሩ። ወተት ብቻ በሚጠባ ግልገል ላይ ግን ነገሩ ለየት ይላል፦ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ጥቁርና ሙጫ የመሰለ ይወጣዋል፣ ቀጥሎ ቢጫና ለስለስ ያለ ይሆናል፤ ይህ ጤና ነው፣ አትደንግጡ።

ፍየል ላርባ ስትሉ የሚመክራችሁ ሰው አይጠፋም። ምክሩ ግን ሁሌም ስለ ትርፍ ነው። ለፋሲካ ስንት ያወጣል፣ ሙክት ከሆነ ስንት ይጨምራል፣ የቆላው ይሻላል የደጋው ይሻላል። ግልገሉ የመጀመሪያውን ወር እንዴት ይውጣው የሚል የለም። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ።

ስትገዙ

ጀማሪ ከሆናችሁ ጡት ያልጣለ ግልገል ከእናቱ ነጥላችሁ አትግዙ። በቃ። ወይ ከነእናቱ ግዙ፣ ወይ አራት ወር ያለፈውን። ሻጩ ሁሌም «ጡት ጥሏል» ነው የሚላችሁ፤ ቢዋሽም አይፈረድበትም፣ ቀኑ ሳይመሽ መሸጥ አለበት። እናንተ ግን ቆም ብላችሁ እዩ። እረፍት ሲያገኝ ያመሰኳል? ቅጠል ስትሰጡት በደንብ ቆርጦ ይበላል ወይስ እየላሰ ይተወዋል? ጣታችሁን ስትዘረጉለት ሮጦ መጥባት ከጀመረ ገና የእናቱ ልጅ ነው።

ከዚያ የታችኛውን የዓይን ቆቡን ገልበጥ አድርጉና ውስጡን ተመልከቱ። ቀላ ካለ ደህና ነው። እንደ ወረቀት ከነጣ ሆዱ ውስጥ ያለው ትል ደሙን እየመጠጠው ነው። ጭራው ሥር ያለው ጠጉር በተቅማጥ ከተለጠፈ፣ አፍንጫው ወፍራም ፈሳሽ ካለው፣ ወይም ሲያስል ከሰማችሁ እለፉት። ዋጋው ቢቀንስላችሁም እለፉት። በአንድ ጊዜ ቢያንስ ሁለት ግዙ፤ ብቻውን ያለ ግልገል ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ይውልና በደንብ አይበላም፣ ጎረቤትም ያስከፋባችኋል። ዋጋ የሚረግበው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነው። ፋሲካ ሲቃረብ ሰው ሁሉ ገዢ ይሆናል፣ ያኔ አትሂዱ።

ቤት ውስጥ ሌላ ፍየል ወይም በግ ካላችሁ አዲሶቹን ሁለት ሦስት ሳምንት ለብቻ አቆዩአቸው። ሻጩን ደግሞ ምን ሲያበላቸው እንደነበር ጠይቁት። ሰውየው ጭድና ቅጠል ካለ እናንተም የመጀመሪያውን ሳምንት ጭድና ቅጠል ነው የምትሰጡት። የተሻለ ነገር ብትፈልጉላቸውም ቀስ እያላችሁ፣ ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አሮጌውን እየቀነሳችሁ አዲሱን እየጨመራችሁ። ጨጓራቸው ውስጥ ምግብ የሚያብላላው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ሕይወት ነው፤ ያ ሕይወት ምግቡን የሚለምደው ቀን ወስዶ ነው። እኔ በአንድ ሌሊት ከጭድ ወደ ስንዴ አዛወርኳቸው፣ የሆነውን ነገርኳችሁ።

እቤት ከተወለደ

ፍየል አምስት ወር፣ 150 ቀን ገደማ ነው የምታረግዘው። መንታ መውለዷ የተለመደ ነው። ግልገሉ ሲወጣ አፉና አፍንጫው ላይ ያለውን ልጋግ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉለት፣ ሌላውን እናቱ ትላሰው። እትብቱን አዮዲን ውስጥ ንከሩት። አዮዲን ፋርማሲ ሁሉ ይገኛል፣ ርካሽ ነው፣ ከመውለዷ በፊት ገዝታችሁ አስቀምጡ። በእርጥብ እትብት የሚገባ ጀርም በኋላ ጉልበቱን አሳብጦ ያሽመደምደዋል።

ቀጥሎ እንገር፣ እናት እንደወለደች የሚወጣው የመጀመሪያው ወተት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ግልገል በብዛት የሚጠፋው እዚህ ነው። የሰው ልጅ ሲወለድ በሽታ መከላከያውን ከእናቱ ማሕፀን ይዞ ይወጣል፤ ፍየል ግን ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። መከላከያው ያለው እንገሩ ውስጥ ነው። የግልገሉ አንጀት ያንን መከላከያ እንዳለ ወደ ደሙ የሚያስገባው ደግሞ ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። በየሰዓቱ በሩ እየጠበበ ይሄዳል፣ አንድ ቀን ሲሞላው ተዘግቷል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት ይጥባ፣ ቢዘገይ ከስድስት ሰዓት አይለፍ። መጠኑ በመጀመሪያው ቀን የክብደቱ አንድ አሥረኛ ነው። ሁለት ኪሎ ተኩል ከሆነ ሩብ ሊትር ያህል፣ ከአራት አምስት ጊዜ ተከፍሎ።

እኛ ቤት እንገር ሲባል ልጆቹ ማንኪያ ይዘው ነው የሚመጡት። የተጋገረ እንገር ማን ይጠላል? ግን ግልገሉ ሳይጠግብ አንድ ጠብታ እንዳትወስዱ። መንታ ከሆኑ ደግሞ ደካማውን እየያዛችሁ አጥቡት፣ ጠንካራው ራሱን ያውቃል። ትርፍ ካለ በትንንሽ ሃይላንድ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አኑሩ፤ ሌላ ጊዜ እናት የሞተችበት ወይም ወተት ያጣ ሲገጥማችሁ ታመሰግኑኛላችሁ። ስታቀልጡት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። እሳት ላይ አትጣዱት፣ ይረጋል፣ መከላከያውም ይበላሻል።

እናቲቱ አንዳንዴ፣ በተለይ መጀመሪያ የወለደች ከሆነች፣ ልጇን ትገፋዋለች። እማማ ያሳዩኝ ዘዴ ይሄ ነው፦ ግልገሉ ጀርባ ላይ ትንሽ ጨው በተኑ። እናት ጨዉን ብላ ልጇን መላስ ጀመረች። ስትልሰው ሽታውን ለመደችው። እምቢ ካለች ግን አንድ ሰው ቀንዷን ይያዝ፣ ሌላው ግልገሉን ጡቷ ሥር ያስገባ፣ በቀን አራት አምስት ጊዜ። ሁለት ሦስት ቀን ከታገላችሁ በኋላ አብዛኛዎቹ ይቀበላሉ።

በጡጦ የምታሳድጉ ከሆነ

እናት ካልኖረች የላም ወተት ይሆናል። ውሃ አትቀላቅሉበት። በ39 ዲግሪ ገደማ፣ ማለትም እጃችሁ አንጓ ላይ ስታንጠባጥቡት ሙቅም ቀዝቃዛም የማይል። መጠኑን በክብደት አስቡት፦ በቀን ከክብደቱ ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ። ሁለት ኪሎ ተኩል ግልገል በቀን እስከ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው፣ ከአራት ጊዜ ተከፍሎ። አምስት ኪሎ ሲደርስ ወደ አንድ ሊትር፣ ከሦስት ጊዜ ተከፍሎ። ሰዓቱን አታዛቡ። አንድ ጊዜ ከዘለላችሁ በሚቀጥለው እጥፍ አድርጋችሁ አታካክሱ።

አሁን ሁላችንም የምንሠራው ስሕተት፦ ግልገሉን እንደ ሕፃን አቅፈን፣ በጀርባው አስተኝተን ጡጦ እንሰጣለን። ፎቶውም ያምራል። ግን ወተቱ ወደ ሳንባው ይገባል። ግልገል የሚጠባው በአራት እግሩ ቆሞ፣ አንገቱን ትንሽ ወደ ላይ ዘርግቶ ነው፣ ልክ እናቱ ሥር እንደሚያደርገው። ፍየል ሆዱ አራት ክፍል አለው። ትልቁ፣ እኛ ለዱለት የምንከትፈው ጨጓራ፣ በግልገል ላይ ገና ሥራ አልጀመረም። ሲጠባ አንድ ቦይ ይከፈትና ወተቱ ትልቁን ጨጓራ አልፎ በቀጥታ አራተኛው ክፍል ውስጥ ይገባል። አፉን ከፍታችሁ ወተት ካንቆረቆራችሁበት ግን ያ ቦይ በደንብ አይከፈትም፣ ወተቱ የማይፈለግበት ቦታ ገብቶ ይገማል። የላላው፣ የሚሸተው ተቅማጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። የጡጦው ቀዳዳ ሰፊ ከሆነም እንደዚያው። ጡጦውን ገልብጡት፤ ወተቱ በራሱ ከፈሰሰ ሰፍቷል፣ ቀይሩት። ከእያንዳንዱ ማጥባት በኋላ እጠቡት፣ በቀን አንዴ ቀቅሉት።

ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላም ይጮሃል። ያኔ ልባችሁ እንዳይራራ። ጎኑን ዳሱት፦ ሆዱ ከጎድን አጥንቱ ጋር እኩል ሆኖ ደልደል ካለ በቅቶታል፣ ወደ ውጭ ካበጠ አብዝታችኋል፣ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ብቻ ነው የራበው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ጩኸቱን ብቻ ነበር የምሰማው።

ሌላ ነገር። የበረደው ግልገል አይበላም፣ ማብላትም የለባችሁም። ጣታችሁን አፉ ውስጥ አስገቡ። ውስጡ ቀዝቃዛ ከሆነና ጣታችሁን ካልጠባ መጀመሪያ አሙቁት። በደረቅ ጨርቅ እሹት፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከጎኑ አስቀምጡ፣ ከሸሚዛችሁ ሥር ደረታችሁ ላይ ለጥፉት። ሞቆ መጥባት ሲጀምር ያኔ ወተት።

ቅጠልና ፉርሽካ

ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ይባል የለ? ግልገልም ያው ነው፣ ሁለተኛ ሳምንቱ ሳይሞላ ያገኘውን መቆንጠር ይጀምራል። አትከልክሉት። ያ ትልቁ ጨጓራ የሚያድገው በቅጠልና በድርቆሽ እንጂ በወተት አይደለም። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ድርቆሽና ትኩስ ቅጠል አቅርቡ፣ ንጹሕ ውሃም ከአጠገቡ አይጥፋ። ቅጠሉን መሬት ላይ አትጣሉ። ጥቅል አድርጋችሁ አናቱ ከፍታ ላይ ስቀሉት፤ ፍየል በግ አይደለም፣ አንገቱን ቀና አድርጎ መቀንጠብ ነው ደስ የሚለው። የረገጠውንና የሸናበትን ደግሞ ሞቶ አይበላም።

ጎንደር ላይ ቅጠል አይቸግርም። ዋንዛ፣ ግራር፣ ቀጋ አለ። አጥር ላይ ሳስፓንያ ወይም ትሪ ሉሰርን የሚባሉትን የመኖ ዛፎች ከተከላችሁ ደግሞ ገንዘብ ተከላችሁ። ሳር ከሆነ ጤዛው ረገፍ ካለ በኋላ። ድርቆሽ የምትገዙ ከሆነ ጥቅምትና ኅዳር ላይ አረንጓዴነቱን ሳይለቅ ያጨዱትን ምረጡ፤ አሽትቱት፣ ሻጋታ ከሸተተ ለግልገል አይሆንም። የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል እንጂ ግልገል አያሳድግም። ለትልቁ ፍየል ተውለት።

ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ማቅመስ ይቻላል። እኔ የምቀላቅለው ሦስት እጅ ፉርሽካ ለአንድ እጅ ፋጉሎ ነው፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጌ። ሲጀምሩ ሁለት ጣት ቆንጥሮ እንደሚያነሳው ያህል ብቻ። ሁለት ወር ሲሞላቸው በቀን 100 ግራም፣ ሦስት ወር ሲያልፋቸው ከ150 እስከ 200። ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ስጡ፣ መጀመሪያ ግን ድርቆሽ ይብሉ። በባዶ ሆዱ ፉርሽካ ላይ የወደቀ ግልገል የሚያደርገውን እኔ አይቻለሁ። እናት ፍየል ከልጇ ጋር ስለምትሻማ ግልገል ብቻ የሚያሾልክ ጠባብ በር ያለው ጥግ ሥሩላቸው። ሁለት ሦስት እንጨት ይበቃል።

ሦስት ወር ሲሆነውና የተወለደበትን ክብደት ሦስት እጥፍ ገደማ ሲደርስ ጡት ማስጣል ትችላላችሁ። እሱንም ቢሆን በአንድ ቀን አታድርጉት። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ገደማ እየጨመረ ከሆነ በአግባቡ እያደገ ነው። ሚዛን ከሌላችሁ ከጎረቤት ሱቅ የሚንጠለጠለውን ተዋሱ፣ ግልገሉን በማዳበሪያ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ ይስቃል ሰፈሩ።

አተላ ለግልገል አትስጡ። የጠላ አተላ ለደለበ ሙክት ሊሆን ይችላል፣ ለትንሽ ጨጓራ ግን ከባድ ነው። ሊጥም እንደዚያው። አንድ የገና ዋዜማ ለድፎ የተቦካ ሊጥ ቡሃቃ ውስጥ ነበር፤ ወጠጤው ክዳኑን ገፍቶ ሩቡን ያህል ዋጠው። ሊጡ ሆዱ ውስጥም መቦካቱን አላቆመም። በግራ በኩል ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ይተኛል ይነሳል። ሐኪሙ ደርሶ ነው የተረፈው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቡሃቃ የሚቀመጠው ቁም ሣጥን ላይ ነው።

መርዛቸውንም እወቁ። ጉሎ፣ ቅጠሉም ፍሬውም። የወፍ ቆሎ። የብርብራ ፍሬ። የአቮካዶ ቅጠል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ግቢያችሁ ዛፉ ካለ አጥሩት። ማሽላ ከታጨደ በኋላ እንደገና የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቡቃያ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ለከተማ ሰው ግን ከሁሉም የባሰው ፌስታል ነው። ቀሃ ወንዝ ዳርና ገበያ አካባቢ የሚውሉ ፍየሎች ጨው የነካው ፌስታል ሲያገኙ እንደ ጎመን ነው የሚበሉት። አይወጣም፣ አይፈጭም፣ ጨጓራ ውስጥ ይጠቀለላል። ፍየሉ እየበላ ይከሳል። ጨው የጠማው ነው ፌስታል የሚልሰው፣ ስለዚህ አሞሌ ወይም ተራ ጨው እየላሱ ይዋሉ፣ ግቢውንም በየቀኑ ልቀሙ።

ማደሪያ

ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይጨክናል፣ ክረምት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ግልገል ብርድን ለብቻው ይችለዋል፣ እርጥበትን ለብቻውም ይታገላል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ነው ሳንባው የሚመታው። ወለሉን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በርብራብ እንጨት ሥሩት፣ ሽንቱ ወደ ታች ይንጠብ፤ ክፍተቱ ግን የግልገል እግር የማያስገባ ይሁን፣ ሁለት ጣት ከገባ ሰፍቷል። ለትንንሾቹ አንድ ጥግ ጭድ ጎዝጉዙ፣ ሲረጥብ ለውጡ። ተንበርክካችሁ አሽትቱ። ዓይናችሁን ካቃጠለ ለእነሱም ያቃጥላል፣ ነፋስ ከላይ የሚወጣበት ቀዳዳ ያስፈልጋል።

ይበርዳቸዋል ብላችሁ የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ በር እንዳትዘጉ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል፣ ሰውን እንደሚገድለው።

ጅብም አለ። አዘዞም ሆነ ማራኪ ሌሊት ድምፁን የማይሰማ ሰው የለም። በር በገመድ ማሰር በር መዝጋት አይደለም። መቀርቀሪያ አድርጉ፣ የግድግዳውን ሥር ደግሞ ድንጋይ ደርድሩበት፣ ይቆፍራልና።

ሲታመም

ቴርሞሜትር ግዙ። የጤነኛ ፍየል ሙቀት ከ38.5 እስከ 39.5 ነው፣ ግልገል ሲሯሯጥ 40 ሊነካ ይችላል። በቂጡ ነው የሚለካው። ለሐኪም ስትደውሉ «ድብት ብሎታል» ከማለት «41 ነው፣ ከትናንት ጀምሮ አላመሰኳም» ስትሉ ነገሩ ይፈጥናል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ አለው፤ በየአካባቢውም የእንስሳት ጤና ባለሙያ አለ። ስልኩን ሳይታመምባችሁ ያዙ።

ተቅማጥ የጀመረው ግልገል የሚሞተው ብዙ ጊዜ ውሃ አልቆበት ነው። አንገቱ ላይ ያለውን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ልቀቁ፣ ወዲያው ካልተመለሰ ደርቋል። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ወይም የሰው ኦ አር ኤስ፣ ለብ አድርጋችሁ በትንሽ በትንሹ ቀኑን ሙሉ። ወተቱን ጨርሶ አታቋርጡ፤ ፈሳሹን በወተቱ መካከል መካከል ስጡ። ቤት ያለውን ቴትራሳይክሊን ከፍታችሁ አፉ ውስጥ አትበትኑ። ሰፈር ውስጥ ሁሉም ያደርገዋል። ማመስኳት በጀመረ ግልገል ላይ ግን ያ ዱቄት ጨጓራው ውስጥ ምግብ የሚያብላላውንም ጨርሶ ይገድለዋል።

ከሦስት ሳምንት እስከ አምስት ወር ባለው ዕድሜ ደም የቀላቀለ ወይም ጥቁር ተቅማጥ ካያችሁ ኮክሲዲያ፣ አንጀት የሚያቆስል በዓይን የማይታይ ተውሳክ፣ ሊሆን ይችላል። የሚመጣው ከቆሸሸና ከረጠበ ማደሪያ ነው፣ የራሱ መድኃኒት አለው፣ የትል መድኃኒት አይነካውም። የትሉን በተመለከተ፣ ግልገሉ ሳር መጋጥ ከጀመረ በኋላ ነው የሚያሳስበው፣ በተለይ በክረምትና ክረምቱ ሲወጣ። መድኃኒቱን በግምት አትስጡ፤ ክብደቱን መዝኑና መጠኑን ባለሙያ ይንገራችሁ። የበግ መጠን ለፍየል ብዙ ጊዜ ያንሳል፣ ያነሰ መጠን ደግሞ ትሉን ያለማምደዋል።

ክትባት ጠይቁ። ዋናው ደስታ መሰል ለሚባለው በሽታ የሚሰጠው ነው። ምልክቱ፦ ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ አፍ ውስጥ ቁስል፣ ከዚያ ተቅማጥና ሳል። ስሙን ያገኘው ከከብት ደስታ ነው፣ ያ በምኒልክ ዘመን ክፉ ቀንን ካመጡት አንዱ የነበረው። የከብቱ ደስታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል። የፍየልና የበጉ ግን አለ፣ እስከ 2030 ለማጥፋት ነው የታቀደው። ሰውን አይዝም፣ መንጋን ግን ባዶ ያደርጋል። ግልገል ከእናቱ የወሰደው መከላከያ ሲሟጠጥ፣ ሦስት አራት ወር ካለፈው በኋላ፣ ይከተባል።

ወንዶቹን ለዩ

ይሄን ማንም አልነገረኝም። ወንድ ግልገል በአራት ወሩ እናቱንም እኅቱንም ሊያስረግዝ ይችላል። ከሦስት ወር ተኩል ጀምሮ ለየብቻ። ሴቷ ደግሞ የትልቅ ፍየል ክብደት ሁለት ሦስተኛውን ሳትደርስ እንዳትረግዝ፣ ትጫጫለች፣ ስትወልድም ትቸገራለች።

ለሙክት የምታስቡትን ማኮላሸት በባለሙያ ይሁን፣ በቡርዲዞ፣ ቆዳውን ሳይቆርጥ የዘር ቱቦውን በሚጨፈልቀው መቆንጠጫ። በድንጋይ የሚቀጠቅጡትን አትጥሩ። የተኮላሸ ወንድ ፉርሽካ ከበዛበት ሽንቱ ውስጥ ጠጠር ይሠራል፣ ፉርሽካ ፎስፈረስ ይበዛበታልና። ጀርባውን ጎብጦ እያማጠ ጠብታ ብቻ ከወጣው ወይም ምንም ካልወጣው የሆድ ድርቀት ነው ብላችሁ ዘይት አታጠጡት፤ ያኔውኑ ሐኪም ጋ። መከላከያው ብዙ ውሃ፣ ጨው፣ ከፉርሽካ ይልቅ ቅጠል ነው።

የእኔን ወጠጤ፣ ያንን ሊጥ የበላውን፣ ባለፈው ሳምንት ከእኅቱ ለይቼ ከአጥሩ ማዶ አስሬዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ አደረ። ጠዋት እማማ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ፣ ስለ ጩኸቱ ሊወቅሱኝ ነው ብዬ ይቅርታ ልጀምር ስል አንገታቸውን ወደ መሬት ሰበር አደረጉና «በጠጡ ደህና ነው» ብለው ተመለሱ።